ቀዳዳ ለቀማ፦ የድሮ የሱፐርሂሮ ቡድን ኮሚክ እንዴት ይተቻል

የድሮ ኮሚክ ላይ መሳቅ ቀላል ነው። አንድ ገጽ መርጦ ፎቶ ማንሳት፣ «ኧረ ይሄን ጉድ እዩልኝ» ብሎ መለጠፍ፣ አለቀ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ሰውም ይስቃል። እኔም ብዙ ጊዜ ሥራዬ ይሄው ነበር። ሳቁ ሲያልቅ ግን ስለ ኮሚኩ ቅድም ከማውቀው ላይ የጨመርኩት ነገር አልነበረም። አሁን ስህተት ሳገኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ይሄን ማን ሠራው?» ብዬ ነው። ጸሐፊው ነው? ሰዓሊው? ቀለም ቀቢው? ማተሚያ ማሽኑ? ወይስ ጥፋቱ የኔ ነው፣ የስልሳ ዓመት ነገር በዛሬ ዓይን እያየሁ? መልሱ በተለያየ ቁጥር ትችቱም ይለያያል።

የቡድን ኮሚክ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ብቻውን የሚዋጋ ጀግና ከሆነ የምትከታተሉት አንድ ሰው ነው። ቡድን ሲሆን አምስት ሰው፣ አምስት ኃይል፣ አምስት ልብስ፣ ላዩ ላይ አንድ ክፉ ሰው፣ ሁሉም ሃያ ምናምን ገጽ ውስጥ ተጠቅጥቀው ታገኟቸዋላችሁ። የሆነ ቦታ የሆነ ነገር መቀደዱ አይቀርም፤ ቀዳዳ የምለው ይሄንን ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የያዛችሁት የቱን እትም ነው?

ይሄን ያስቀደምኩት ራሴ የተዋረድኩበት ስለሆነ ነው። አንድ ጊዜ የ1960ዎቹን አንድ ኮሚክ ቀለም አብጠልጥዬ ጻፍኩ። ሰማዩ ከሰማያዊ ወደ ሐምራዊ እየደበዘዘ የሚሄድበት መንገድ ፕላስቲክ ይመስላል፣ ስዕሉን ገድሎታል፣ ምናምን አልኩ። አንድ አንባቢ ረጋ ብሎ «የምታየው እኮ ከስንት ዓመት በኋላ በኮምፒውተር እንደገና የተቀባውን ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር። የመጀመሪያው እትም በርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ላይ ነው የታተመው፣ እንደዚያ ያለ ልስልስ ሽግግር እዚያ ላይ አይሞከርም። የሰደብኩት ሰው እጁ የለበትም።

ስለዚህ ከተቻለ የመጀመሪያውን እትም ስካን ፈልጉ። ቢጫ ያለ ወረቀት፣ መሃል መሃል ላይ ማስታወቂያ፣ መጨረሻ ላይ የአንባቢያን ደብዳቤ ያለበትን። ደብዳቤዎቹን አትዝለሏቸው። እናንተ ዛሬ ያገኛችሁትን ቀዳዳ ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አግኝቶት፣ ጽፎ ልኮ፣ መልስ ተሰጥቶት ሊሆን ይችላል።

ሽፋኑ ላይ ያለውን ወርም አትመኑት። ኮሚኩ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሳያረጅ እንዲቆይ ተብሎ ወሩ ሁለት ሦስት ወር ወደ ፊት ይገፋ ነበር። የፋንታስቲክ ፎር ቁጥር 1 ሽፋን «ኖቬምበር 1961» ይላል፣ የወጣው ግን ኦገስት ላይ ነው። ይሄ ጥቃቅን ነገር ይመስላል። ግን ታሪኩ ውስጥ ጀግኖቹ ኮሚኒስቶች እንዳይቀድሟቸው ብለው ተጣድፈው ወደ ህዋ ይወጣሉ፣ ዩሪ ጋጋሪን ደግሞ ምድርን የዞረው ኤፕሪል 12 ቀን 1961 ነው። አራት ወር ብቻ! ጥድፊያው ከየት እንደመጣ ቀኑን ሳያዩ መረዳት አይቻልም።

ሁለት ጊዜ ማንበብ

አንደኛው ንባብ ያለ እርሳስ ነው። እንደ ልጅ አንብቡት፣ ገጹን ግለጡ፣ ተደሰቱ ወይ ተሰላቹ። የት ቦታ ላይ «ቆይ፣ ምን?» ብላችሁ እንደቆማችሁ ብቻ አስታውሱ። ያላቆማችሁ ቀዳዳ ትንሽ ቀዳዳ ነው፣ በኋላ አጉሊ መነጽር ይዛችሁ ብታገኙትም።

ሁለተኛው በእርሳስ ነው። የገጹንና የፓነሉን ቁጥር እየጻፋችሁ ሂዱ። «7/3» ማለት ሰባተኛ ገጽ ሦስተኛ ሳጥን ማለት ነው፣ በቃ። ከዚያ ሦስት ነገር ብቻ መዝግቡ፦ ማን ምን ማድረግ እንደሚችል፣ ማን ምን እንደሚያውቅ፣ ማን የት እንዳለ። አብዛኛው ቀዳዳ ከነዚህ ከሦስቱ አንዱ ሥር ተደብቆ ነው የሚገኘው። ክፉው ሰው ያልተነገረውን ያውቃል። አንዷ ጀግና ገጽ 9 ላይ ታስራ ነበር፣ ገጽ 11 ላይ ማንም ሳይፈታት ቆማለች። እንደዚያ።

ብድርና ቀዳዳ

ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ሰው የታሪኩን መነሻ እንደ ቀዳዳ ይቆጥረዋል።

ፋንታስቲክ ፎርን እንውሰድ። ጸሐፊው ስታን ሊ እና ሰዓሊው ጃክ ከርቢ የሠሩት ነው። አራት ሰዎች ጠባቂ አታለው ሮኬት ውስጥ ይገባሉ፣ ህዋ ላይ የኮስሚክ ጨረር ያገኛቸዋል፣ ምድር ላይ ይወድቃሉ፣ ይተርፋሉ። ሪድ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፣ ሱ ትሰወራለች፣ ወንድሟ ጆኒ በእሳት ይንቀለቀላል፣ ቤን የድንጋይ ክምር የመሰለ ፍጥረት ይሆናል። «ጨረር እኮ ካንሰር ነው የሚያመጣው» ብሎ መጻፍ ትችት አይደለም። ያቺ አንባቢው ለጸሐፊው የሚሰጣት ብድር ናት። አንዴ ትሰጣለች፣ ያለ ወለድ። ቀዳዳ የሚባለው ጸሐፊው ብድሩን ከተቀበለ በኋላ ራሱ የተናገረውን ሲያፈርስ፣ ወይም ሰዎቹ ሰው የማያደርገውን ሲያደርጉ፣ ወይም አንድ ትልቅ ነገር ተደርጎ ሁሉም እንዳላየ ሲሆን ነው።

ሰው የማያደርገውን ላሳያችሁ። ሪድ ሳይንቲስት ነው፣ ቤን አብራሪ ነው፣ ሁለቱ ሮኬት ላይ ቢወጡ ያስኬዳል። ሱ ለምን ወጣች? የሪድ እጮኛ ስለሆነች። ጆኒስ? የእሷ ወንድም ስለሆነ። ሌላ ምክንያት አልተሰጠም። ቤን ደግሞ ጨረሩ አደገኛ እንደሆነ ገና ሳይነሱ ተናግሯል። እንግዲህ አንድ ትልቅ አዋቂ የተባለ ሰው፣ ማስጠንቀቂያ ሰምቶ፣ እጮኛውንና ታዳጊ ወንድሟን ወደዚያ ይዞ ይሄዳል። ጨረሩን ይቅር አልን፣ ይሄን ግን ማን ይቅር ይላል? ሱ የተሳፈረችበት ምክንያት ውሃ አያነሳም። ጸሐፊው አራት ሰው ስለፈለገ አራት ሰው ተሳፈረ።

የባሰው ደግሞ የታሪኩ መክፈቻ ላይ አለ፣ እኔ በጣም የምወደውም እሱን ነው። ሪድ ጓደኞቹን ለመጥራት ከተማው ላይ ምልክት ይተኩሳል። ሦስቱ ሲሰሙ ወደ እሱ ይሮጣሉ፣ ሲሮጡ የሚያደርሱትን ጥፋት ግን እዩት። ቤን የልብስ ሱቅ በር ሰብሮ ይወጣል፣ ከዚያ ከመሬት ሥር አስፋልት ፈንቅሎ ሲወጣ መኪና ይጋጨውና መኪናው ይከሰከሳል። ጆኒ የተቀመጠበትን መኪና አቅልጦ ይበራል፣ ሊያስቆሙት የመጡትን የጦር አውሮፕላኖችም ያቀልጣል። ይሄኔ ኑክሌር ሚሳይል ይተኮስበታል። ኑክሌር! ሪድ እጁን ዘርግቶ ሚሳይሉን ይይዝና አርቆ ይወረውረዋል፣ ወዲያ ሄዶ ይፈነዳል። ጆኒም ነበልባሉ ጠፍቶ ሲወድቅ ሪድ ይቀልበዋል። ከዚያስ? ከዚያ አራቱ ተሰብስበው ይቀመጣሉ፣ ታሪኩም ድሮ እንዴት እንደጀመሩ ሊያወራን ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለ ፍንዳታው አንድም ሰው አንድም ቃል አይተነፍስም። ፖሊስ አይመጣም፣ ጦሩ አይጠይቅም። ክፉው ሰው ገና ሳይታይ ጀግኖቹ ራሳቸው ከተማውን አተራመሱት፣ ታሪኩ ደግሞ ይሄንን ያየ አይመስልም።

ይሄ ነው ቀዳዳ ማለት። የሳይንስ ጉዳይ አይደለም፣ የመዘዝ ጉዳይ ነው። ሲጻፍም ስሙን ጥሩለት፦ የሕግ ቀዳዳ፣ የምክንያት ቀዳዳ፣ የመዘዝ ቀዳዳ። «ታሪኩ አያስኬድም» ከማለት እነዚህ ሦስት ቃላት የበለጠ ይናገራሉ።

አጋጣሚስ? አጋጣሚ ጀግናውን ችግር ውስጥ ሲከተው እሺ ብዬ አልፋለሁ። ሲያወጣው ግን እርሳሴን አነሳለሁ። አቬንጀርስ ቁጥር 1 (1963) ላይ ሁለቱም አሉ። ሎኪ ወንድሙን ቶርን ብቻ ለማጥመድ የሬዲዮ መልእክት ይጠልፋል፣ መልእክቱን ግን አይረን ማንም አንት ማንም ይሰሙታል፣ በዚሁ ቡድኑ ይሰበሰባል። ይሁን። መጨረሻ ላይ ሎኪ ጨረር የሚረጭ አካል ይሆንና ማንም ሊጠጋው የማይችል ይመስላል። ምን ይሆናል? ከእግሩ ሥር ወለሉ ተከፍቶ ለሬዲዮአክቲቭ ቆሻሻ የተዘጋጀ፣ በእርሳስ የተለበጠ ታንክ ውስጥ ዘጭ ይላል። የከፈቱት የአንት ማን ጉንዳኖች ናቸው። ጉንዳኖቹ ጥሩ ሐሳብ ናቸው፣ ኃይሉ ነውና። ታንኩ ግን ልክ በሚፈለግበት ቦታ፣ ልክ በሚፈለግበት ሰዓት፣ ልክ ለዚህ ዓይነት ጠላት የተሠራ ሆኖ መገኘቱ... ሁለት ገጽ ቀደም ብሎ አንድ ፓነል ላይ ቢታይ ኖሮ ማንም አይናገረውም ነበር። (ሃልክ በዚሁ ታሪክ ውስጥ ፊቱን ተቀብቶ ሰርከስ ውስጥ ተደብቆ ይሠራል። ይሄን ግን አልነካውም፣ ደስ ይለኛል።)

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ከ1954 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የኮሚክስ ኮድ የሚባል የአሳታሚዎቹ የራሳቸው ሕግ ነበር። ወንጀለኛ መቀጣት አለበት፣ ፖሊስና የመንግሥት ሰው ክብር በሚያሳጣ መልኩ መታየት የለበትም ይላል። ስለዚህ የ1950ዎቹ መጨረሻና የ1960ዎቹ ኮሚክ ላይ ክፉው ሰው በመጨረሻው ገጽ እንደምንም ተሸንፎ ቢገኝ «ሰነፍ ጸሐፊ» ከማለታችሁ በፊት ያ መጨረሻ በኮዱ የተፈቀደ ብቸኛው መጨረሻ እንደነበር አስቡ። መሸነፉ ግዴታ ነው። እንዴት እንደተሸነፈ ነው የጸሐፊው ሥራ፣ የሚተቸውም እሱ ነው።

«ሌሎቹ የት ነበሩ?»

የቡድን ኮሚክ ላይ ይቺን ጥያቄ የሚያህል የለም። ከብርሃን ጋር የሚፎካከር ሯጭ ቡድኑ ውስጥ ካለ ሌባ እንዴት ሮጦ ያመልጣል? ሰው አእምሮ የሚያነብ ካለ ምስጢር እንዴት ይጠበቃል?

ጸሐፊዎቹ ይሄን ያውቁታል፣ መፍትሔም ነበራቸው። የጀስቲስ ሊግ የመጀመሪያው ታሪክ በ1959 መጨረሻ (ሽፋኑ ላይ ግን 1960 ይላል) ሲወጣ ጋርድነር ፎክስ ጽፎት ማይክ ሴኮውስኪ ስሎት ነበር። ጠላቱ ስታሮ የተባለ ግዙፍ የባህር ኮከብ ነው። ጀግኖቹ ሁሉ አብረው ቢዘምቱ ታሪኩ ሦስት ገጽ ላይ ያልቅ ነበር፣ ስለዚህ በትንንሹ ተከፋፍለው የተለያየ ቦታ ይላካሉ፣ መጨረሻ ላይ ይገናኛሉ። ሱፐርማንና ባትማን ደግሞ ሌላ ሥራ ላይ ናቸው ተብሎ እምብዛም አይታዩም፣ ሽፋኑ ላይም የሉም። እንዲህ ያለውን ስታገኙ ጥያቄው «ለምን ተከፋፈሉ?» አይደለም። የተሰጠው ሰበብ ይበቃል ወይ ነው። ሰማይ ላይ ሱፐርማን እያለ ለዓለም መጥፊያ የሚሆን ጠላት ሲመጣ «ሥራ ይዞኛል» ማለት ትንሽ ይከብዳል።

እኔ የምሠራው ቀላል ቆጠራ አለኝ። ወረቀት ላይ የሁሉንም ስም እጽፋለሁ፣ አንድ ሰው የታሪኩን አቅጣጫ የሚቀይር ነገር ባደረገ ቁጥር አንድ ጭረት። መናገር አይቆጠርም፣ መደንገጥ አይቆጠርም፣ መታሰር አይቆጠርም። የሴቶቹን መስመር ስታዩ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ፋንታስቲክ ፎር ላይ ሱ መጀመሪያ አካባቢ መሰወር ብቻ ነበር የምትችለው። አንባቢዎች ምንም አትረባም ብለው ይጽፉ ነበር፣ ቁጥር 11 ላይ (1963) ነገሩ ታሪኩ ውስጥ ገብቶ ሪድና ቤን ራሳቸው ሊሟገቱላት ሞከሩ። ክርክሩ አላዳናትም። ያዳናት ቁጥር 22 ላይ (1964) የተሰጣት የማይታይ የኃይል ጋሻ ነው። ልዩነቱን ለማየት ከ22 በፊትና በኋላ ያሉ ሁለት እትሞች ላይ ጭረቱን ቁጠሩ። «ዘመኑ እንደዚያ ነበር» ብቻ ብሎ ማለፍ ደስ አይለኝም፣ የዚያው ዘመን ልጆች እኮ ናቸው ያጉረመረሙት።

ትችት ከመጻፋችሁ በፊት ጠበቃ ቁሙለት

የፋንታስቲክ ፎርና የአቬንጀርስ አሳታሚ ማርቭል በ1960ዎቹ «ኖ-ፕራይዝ» የሚል ቀልድ ነበረው፣ «ሽልማት የሌለው ሽልማት» እንደማለት። በኋላ ላይ የሚያገኘው ሰው የሚደርሰው ባዶ ፖስታ ነው፣ የምር ባዶ። ከጊዜ በኋላ በተለይ የሚሰጠው ስህተት ላገኘ ብቻ ሳይሆን ስህተቱ ለምን ስህተት እንዳልሆነ አሳማኝ ማብራሪያ ለፈጠረ አንባቢ ሆነ። ከዚህ የተሻለ የትችት ልምምድ አላውቅም።

ስታን ሊ ራሱ አንዴ ተይዟል። የሃልክ ሰውዬ ስሙ ብሩስ ባነር ነው። በ1964 አካባቢ ግን ስታን ሊ ስሙን ዘንግቶት «ቦብ ባነር» እያለ መጻፍ ጀመረ። አንባቢው ዝም አላለም። መልሱ ምን ሆነ? ሙሉ ስሙ ሮበርት ብሩስ ባነር ነው ተባለ። ይኸው እስከ ዛሬ ስሙ ነው። ስህተቱ አልተደመሰሰም፣ ቤተሰብ ሆነ።

እናንተም ያገኛችሁትን እያንዳንዱን ቀዳዳ በምትችሉት አቅም ተከላከሉለት። መከላከያው በአንድ ዓረፍተ ነገር ካለቀ ቀዳዳው ትንሽ ነው፣ ጣሉት ወይም በቀልድ እለፉት። ሦስት አንቀጽ ከፈጀ፣ «ምናልባት ከዚያ በፊት ማንም ሳያየው...» እያላችሁ አዲስ ታሪክ መጻፍ ከጀመራችሁ፣ ቀዳዳው እውነተኛ ነው። ኑክሌሩን ለመከላከል ሞክሬ አራተኛው አንቀጽ ላይ እጅ ሰጥቻለሁ።

ስዕሉ

«ሰዓሊው» ስንል አንድ ሰው ይመስለናል። ብዙውን ጊዜ አንዱ በእርሳስ ይስላል፣ ሌላው በጥቁር ቀለም ይደግመዋል፣ ሌላው ፊደሉን ይጽፋል፣ ሌላው ቀለም ይመርጣል፣ ከዚያ በኋላ ቀለሙን ለማተሚያ የሚለያዩ ስማቸው የትም ያልተጻፈ ሠራተኞች አሉ። ሁሉም ከቀነ ገደብ ጋር ይሯሯጣሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፣ እነሱ ግን ለመልቀም እንኳ ጊዜ አልነበራቸውም።

ማርቭል ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ሙሉ ጽሑፍ ቀድሞ አይዘጋጅም። ጸሐፊውና ሰዓሊው ስለ ታሪኩ ባጭሩ ይነጋገራሉ፣ ሰዓሊው ገጾቹን ስሎ ይመጣል፣ ንግግሩ ከዚያ በኋላ ይጻፋል። «የማርቭል ዘዴ» የሚሉት ይሄንን ነው። ስለዚህ ስዕሉ ላይ ሰውዬው በፍርሃት ወደ ኋላ እያፈገፈገ ንግግሩ ግን ጉራ ከሆነ፣ ሁለት ሰዎች ሳይስማሙ አንድ ፓነል ላይ ተገናኝተዋል ማለት ነው። ይሄን ለመያዝ ጽሑፉን በወረቀት ቁራጭ እየሸፈናችሁ ስዕሉን ብቻ አንብቡ። ማን ማንን እንደመታ፣ የት እንዳሉ፣ ማን እንደተናደደ ካለ ቃል ከገባችሁ ሰዓሊው ሥራውን ሠርቷል። ካልገባችሁ፣ ወይም የገባችሁ ነገር ጽሑፉ ከሚለው የተለየ ከሆነ፣ ገጽና ፓነሉን ጻፉ።

ሽፋንን ለብቻው እዩት። ሽፋን ማስታወቂያ ነው። የጀስቲስ ሊግ አሳታሚ ዲሲ ላይ አርታኢው ጁሊየስ ሽዋርትዝ መጀመሪያ ሽፋኑን አስቦ ታሪኩን ለሽፋኑ የማስጻፍ ልማድ ነበረው። የፋንታስቲክ ፎር ቁጥር 1 ሽፋን ላይ ሪድ በገመድ ተጠፍሮ ታገኙታላችሁ፣ ውስጥ ያንን ትዕይንት ብትፈልጉ የለም። (ላስቲክ የሆነን ሰው በገመድ ማሰርስ ምን የሚሉት ሐሳብ ነው? ሽፋኑ ላይ ራሱ ሪድ ይሄንኑ ይላል መሰለኝ፣ ገመድ አያግተኝም ዓይነት ነገር።)

ከዚያ ወደ ሰዎቹ። አውራ ጣታችሁን ፀጉራቸው ላይ አድርጉ። ፀጉር የሌለው ፊቱ ብቻ ሲቀር ማን ማን እንደሆነ ትለያላችሁ? ብዙ የዚያን ጊዜ ኮሚክ ላይ አትለዩም፤ ሁሉም ወንድ አንድ አገጭ አለው፣ ሁሉም ሴት አንድ አፍንጫ አላት። ቡድን ላይ ይሄ ከባድ ጉድለት ነው፣ ልብስ ሲቀይሩ ሁሉም ይምታታሉና። ቀጥሎ ጭንቅላት ቁጠሩ። አምስት ሰው ክፍሉ ውስጥ ከገባ ቀጣዩ ፓነል ላይ አምስት አሉ? አራት ከሆኑ አምስተኛው ከፓነሉ ጠርዝ ውጭ ነው ወይስ ተረስቷል? ከዚያ ከበስተጀርባ ያለውን እዩ። መጀመሪያ ገጾች ላይ መስኮትና ሕንፃ እየተሳለ መጨረሻ ላይ ባዶ ቢጫ ግድግዳ ብቻ ከቀረ ቀነ ገደቡ ደርሶ ነው። ፍልሚያ መሃል አንድ ሁለት ፓነል ባዶ ከሆነ ግን ሆን ተብሎ ሊሆን ይችላል፣ ዓይን ቡጢው ላይ እንዲያርፍ።

ስልትን ከስህተት መለየት ላይ ሰው በጣም ይወድቃል። የጃክ ከርቢን ጣቶች አይቶ «አራት ማዕዘን ጣት የት አለ?» የሚል አይጠፋም። የትም የለም። ግን ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚስለው፣ ወደ አንባቢው የተሰነዘረ እጅ ደግሞ በዚያ ቅርፅ ከወረቀቱ ሊወጣ የደረሰ ይመስላል። ሁልጊዜ የሚደረግና ጥቅም ያለው ከሆነ ስልት ነው። አንድ ጊዜ ተከስቶ ምንም የማይጠቅም ከሆነ፣ ለምሳሌ ሁለቱም እጆች ግራ ከሆኑ፣ ስህተት ነው። ሦስተኛ ነገርም አለ፣ ገና ያልተወሰነ መልክ። ቤን ቁጥር 1 ላይ እብጥብጥ ያለ ጭቃ ነው የሚመስለው፣ እንደ ጡብ የተደረደረው ድንጋይ በሂደት ነው የመጣው። አራቱም ቡድናዊ ልብስ የለበሱት ቁጥር 3 ላይ ነው። ይሄን «ወጥነት የለውም» ብላችሁ ብትጽፉ ተሳስታችኋል ማለት ይከብዳል፣ ግን እየተፈለገ ያለ ነገር መሆኑንም ጨምሩበት።

በእርሳስ የሳለውን ሰው ከመውቀስ በፊት ደግሞ ያው ሰው በሌላ ሰው ቀለም የተደገመበትን ሌላ እትም አጠገቡ አስቀምጡ። የአንዱ መስመር ወፍራምና ሕያው፣ የሌላው ቀጭንና የደከመ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ሥሩ ያለው እርሳስ የአንድ ሰው ሆኖ ሳለ። ዋናው ስዕል ከሚታተመው በጣም ይበልጥ እንደነበርም አስታውሱ፣ እስከ 1967 አካባቢ ድረስ እጥፍ ገደማ። ሲቀንስ ጥቃቅኑ መስመር ይደፈናል።

ቀለም

ባጭሩ፦ ሦስት ቀለም ነበራቸው፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ እያንዳንዱ በ25፣ በ50 ወይም በ100 ፐርሰንት፣ ወይም ጨርሶ ሳይኖር። ስታባዙት 64 ቅልቅል ይመጣል። ጥቁሩ ለብቻው ነው። በዚያ ውስጥ ሆነው ነው ሌሊትን ከቀን፣ አምስት ልብስን ከአምስት ልብስ የለዩት። ከበስተጀርባ የቆመ ሕዝብ በሙሉ ሐምራዊ ሆኖ ብታዩት ስንፍናም ሊሆን ይችላል፣ ፊት ለፊት ያሉትን ጎልተው እንዲወጡ ማድረጊያም ነው።

ቀዩ ከከንፈሩ ወጥቶ ጉንጩ ላይ ካረፈ ማሽኑ ነው፣ የቀለም ሰሌዳዎቹ በትክክል ሳይገጣጠሙ ታትመዋል። እንዲያውም ሌላ ቅጂ ላይ ልክ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ሃልክ በ1962 ቁጥር 1 ላይ ግራጫ ነበር። ግራጫው ከገጽ ገጽ እየተለያየ ስላስቸገረ ቁጥር 2 ላይ አረንጓዴ አደረጉት። ማሽን ያሸነፈበት አንድ ጥሩ ምሳሌ ይኸው ነው።

ወደ ጽሑፉ ስትመጡ

ማስታወሻችሁ ላይ ሠላሳ ቀዳዳ ካለ ሦስቱን ምረጡ። ሠላሳውንም የዘረዘረ ሰው አይነበብም፣ ሁለተኛ ደግሞ ትልቁ ከትንሹ ጋር እኩል ይሆናል። እኔ የምመርጠው በመጀመሪያው ንባብ ያቆመኝን፣ መከላከያ ያጣሁለትን፣ እና ስለ አሠራሩ የሆነ ነገር የሚነግረኝን ነው። የሠራውን ሰው ስም የምትጠሩት ማን እንደሠራው ካወቃችሁ ብቻ ይሁን። ካላወቃችሁ «ገጹ» በሉ፣ ገጽ አይቀየምም።

ለምሳሌ ያንን ኑክሌር ድሮ ብጽፈው «ከተማ አጠገብ ቦምብ ፈንድቶ ማንም ምንም አይልም፣ ሃሃ» ብዬ አበቃ ነበር። ዛሬ የምጽፈው እንዲህ ይመስላል፦

«ሪድ ሚሳይሉን ይወረውራል፣ ጆኒ ይወድቃል፣ ሪድ ይቀልበዋል። ስዕሉ ዓይናችንን ከፍንዳታው ነጥቆ ወደሚወድቀው ልጅ በፍጥነት ስለሚወስደው መጀመሪያ ስናነብ ፍንዳታውን እንረሳዋለን። እስከዚህ ድረስ ብልሃት ነው። ግን ቀጥሎ አራቱ ሲቀመጡ ታሪኩም አብሮን ይረሳዋል። ከዚያ በኋላ ሞል ማን የተባለው ክፉ ሰው ከመሬት ሥር ጭራቆቹን ሲያወጣ ብዙም አልፈራሁትም፣ ጀግኖቹ ለስብሰባ ሲመጡ ያደረሱትን አይቻለሁና።»